ስልኩ ሲጮህ የከረረ ክር

ደሳለች ቀናተኛ ናት። ይህን የምጽፈው ላማት ብዬ አይደለም፤ ሰው ሳይናገረው ራሷ ትናገረዋለች። «እኔ ቀናተኛ ነኝ፣ አስቀድሜ ልንገርሽ» ትልና ከዚያ ትቀናለች። ጎመን የምትሸጥላት ሴት ለሌላ ደንበኛ ምራቂ አብዝታ ስትጨምር አይታ፣ ከዚያ ወዲህ ጎመን ለመግዛት አዲሱ ገበያ ድረስ ትሄዳለች። ባሏ ግዛቸው ያረፈ ጊዜም ከእሷ አብልጣ ያለቀሰችውን ሴት እስከ ዛሬ ሰላም አትላትም። ሴትዮዋ የግዛቸው የአክስት ልጅ ናት ብለን ብንነግራት፣ «የአክስት ልጅ እንደ አክስት ልጅ ታልቅስ» አለችን።

እኔ የማውቃት ከልጅነቷ ጀምሮ ነው። እናቷ ከእንጦጦ ጫካ ቅጠል ተሸክማ እየወረደች የምትሸጥ ሴት ነበረች። ልጅቷ ከኋላ ከኋላዋ ደብተር ይዛ ትከተላለች፤ ሸክሙ የእናቷን ጀርባ ሲያጎብጠው ታያለች፣ ተራ ስጪኝ ትላለች፣ እናቷ አትሰጣትም። «አንቺ የያዝሽውን ያዢ» ትላት ነበር። ደሳለችም የያዘችውን ይዛ ስምንተኛ ክፍል ደረሰች። ከዚያ ብርድ ልብስ ፋብሪካ ገባች፣ አገባች፣ ወለደች። ፋብሪካው ሲዘጋ እንደ ብዙዎቻችን ወደ እንዝርት ተመለሰች። ልጆቿ አድገው የየራሳቸውን ቤት ይዘዋል፤ እሷ እዚሁ ቀጨኔ፣ ከእኔ ቤት ዝቅ ብሎ ባለችው አንድ ክፍል ቀረች።

እኔን ፊደል ያስቆጠረችኝ እሷ ናት። የልጅ ልጅ ካየሁ በኋላ ነው። አንድ ቀን «እማማ፣ እርስዎ የሰው ፊት እንዲህ የሚያነቡ ሰው ወረቀት እንዴት ያቅተዎታል?» አለችኝና ጀመርን። ታጋሽ አስተማሪ ነበረች። የጎረቤት ሴት «ዛሬ እኔ ላስጠናዎት» ያለችኝ ቀን ግን ደሳለች አኮረፈች። የያዝኩትን ፊደል ሁሉ እንደገና ከሀ አስጀመረችኝ፤ ያቺ ሴት ያበላሸችው ነገር እንዳለ ለማየት ነው አለች።

ከምሳ በኋላ ፀሐይ በእኔ በረንዳ ላይ ስታርፍ፣ የምንፈትል ሴቶች እዚያ እንሰበሰባለን። እጃችን ሥራ ይዟል፣ ጆሯችን ግን ሥራ የለውም። ስለዚህ አንዷ ታነባለች፣ ሌሎቻችን እንፈትላለን። የምታነበው ሴት እንዝርት መያዝ አትችልም፤ እንዳይጎዳባት ደግሞ ፀሐይ ስትዞር እያንዳንዳችን ከእንዝርታችን ጥቂት ጥቂት እየተረተርን አንድ ልቃቂት እንጠቀልልላታለን። ያ ልቃቂት የአንባቢዋ ነው። የሁላችንም እጅ አለበት። ለረጅም ዘመን አንባቢያችን ደሳለች ነበረች። አጠገቧ ደግሞ ሁልጊዜ ውባለም ትቀመጣለች፣ ትከሻ ለትከሻ።

ውባለም የደሳለች የፋብሪካ ጓደኛ ናት። ጎን ለጎን በቆሙ ማሽኖች ላይ ሠርተዋል፣ አንድ ሰሞን አርግዘዋል፣ አንድ ዓመት ባል ቀብረዋል። ውባለም ነገር አታበዛም፤ ስትስቅ በአፍንጫዋ ነው። ደሳለች በሁሉም ሰው ትቀናለች፣ በውባለም ግን ከሁሉ ይብሳል። ውባለም ሰርግ ተጠርታ ከሌላ ሴት ጋር ከሄደች፣ ደሳለች «ምግቡ እንዴት ነበር?» ብላ ትጠይቅና መልሱን ሳትሰማ ፊቷን ታዞራለች።

አሁን የምነግራችሁ ነገር የመጣው በአንድ መጽሐፍ ምክንያት ነው። መጽሐፉን ያመጣችው ኢየሩ ናት። ኢየሩ በጓሮዬ ያለችውን ክፍል ተከራይታ ጳውሎስ ሆስፒታል ኮሌጅ ፋርማሲ የምትማር ልጅ ናት። «እማማ፣ ይሄ ፍቅርም አለው፣ ምስጢርም አለው፣ የክፍላችን ልጆች እየተሻሙ ነው የሚያነቡት» ብላ ሰጠችን። ሽፋኑ ላይ ፊቷ የማይታይ ሴት ስልክ ይዛ ቆማለች።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ሰምሀል የምትባል ወጣት መድኃኒት ቤት ትሠራለች። ዘርዓብሩክ የሚባል ባለጸጋ ሰው ይወዳታል፣ ቀለበት ያስርላታል። ከእሷ በፊት ግን ሌላ እጮኛ ነበረችው፤ ያቺ ሴት ከፎቅ ወድቃ ሞታለች፣ ማን እንደጣላት አልታወቀም። ቀለበቱ ከታሰረበት ቀን ጀምሮ የሰምሀል ስልክ በየምሽቱ ይጮኻል። ስታነሳው የሚናገር የለም። ከወዲያ በኩል የሚሰማው የቧንቧ ውሃ ጠብ፣ ጠብ ሲል ብቻ ነው።

ደሳለች እስከዚህ አነበበችልን። ከዚያ ጉንፋን ያዛት፣ ድምፅዋ ተዘጋ። እኛ ውሃው ጠብ እያለ መቆየት አልቻልንም። ኢየሩ ትምህርቷ ለፈተና ጥናት ተዘግቶ ቤት ትውል ስለነበር፣ «እስቲ አንቺ ቀጥይልን» አልናት።

ኢየሩ ስታነብ ሌላ ነገር ነው። ሰውየው ሲናገር ድምፅዋን ታወፍራለች፣ ልጅቷ ስትፈራ ትንፋሿን ትቆርጣለች። ሾዴ፣ ከእኛ ሁሉ ቀልደኛዋ፣ ውሃው ጠብ ሲል መቋቋም አቅቷት የራሷን ቤት የሚያንጠባጥብ ቧንቧ አስጠገነች። ባሏ ሁለት ዓመት ሲለምናት የነበረውን።

ደሳለች ድምፅዋ ሲመለስ መጣች። አንገቷ ላይ ሻርፕ ጠምጥማ ቦታዋ ላይ ተቀመጠችና እጇን ዘረጋች።

«አምጪው ልጄ። የት ደረሳችሁ?»

ኢየሩ መጽሐፉን ልትሰጣት ስትል ውባለም «ተይ ደስዬ፣ ድምፅሽን አሳርፊው። ጀምራዋለች፣ ትጨርሰው» አለች።

«ድምፄ አርፏል።»

«እኛ ግን አላረፍንም» አለች ሾዴ። «ደስዬ አትቀየሚኝ፤ አንቺ ስታነቢ ሰውየውም፣ ልጅቷም፣ ነፍሰ ገዳዩም ያንቺ ድምፅ ነው ያላቸው። ይቺ ስታነብ ሰውየው ከበረንዳው ስር የቆመ ነው የሚመስለኝ።»

ደሳለች ሳቀች። ስትስቅ ዓይኗ ወደ ውባለም ሄደ። ውባለም በዚያች ቅጽበት በርጩማዋን አንስታ ከኢየሩ አጠገብ አስቀመጠች፣ ትከሻ ለትከሻ። ማንም ልብ አላለውም፤ እኔ ግን ደሳለች በርጩማዋን እያየች ሳቋ ፊቷ ላይ ሲደርቅ አየሁ። ተነስታ ከእኔ ሙዳይ ትርፍ እንዝርት ወሰደች፣ ባዘቶ ያዘች፣ በሩ ጋ ሄዳ ለብቻዋ ተቀመጠች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ መጽሐፉን ጠላችው።

«አንድ ነገር ልጠይቅ» አለች በማግስቱ፣ ኢየሩ ገጽ ስትገልጥ ጠብቃ። «ይሄ ዘርዓብሩክ ሥራው ምንድን ነው?»

«ነጋዴ ነው ይላል እትዬ ደሳለች።»

«ምን ይነግዳል?»

ኢየሩ ወደ ኋላ ገለበጠች። «አልተጻፈም።»

«የመኪናው ቀለም ተጽፏል። ሽቶው ተጽፏል። ዓይኑ ስንት ጊዜ ተጽፏል። የሚነግደው አልተጻፈም። ጠዋትም ማታም ልጅቷ ደጃፍ ነው ያለው። ሱቁን ማን ይከፍትለታል?»

«ሽቶውን ይሆናላ የሚነግደው» አለች ሾዴ። ሳቅን።

«እሺ ይነግድ። ምዕራፍ ባለቀ ቁጥር በር የሚንኳኳውስ? የዚህች ልጅ በር ከመንኳኳቱ ብዛት እንዴት አልወለቀም? ደግሞ በጨለማ ሰው እየተከተላት እንደሆነ እያወቀች ለምን ነው የምትወጣው? ስኳር አልቆባት ነው?»

ኢየሩም ሳቀች። «እኔም አንድ ነገር አለኝ። መድኃኒት ቤት ስትሠራ ማዘዣ ስታይ አንድ ቀን አላነበብኩም። እኛ እንዲህ ብናደርግ ያባርሩናል።»

«አያችሁ፣ ልጅቷም አወቀችው» አለች ደሳለች። ኢየሩ ከእሷ ጋር መስማማቷ ግን አላስደሰታትም። ልጅቷ ብትቃወማት የወደደች ይመስለኛል።

የተናገረችው ሁሉ ልክ ነበር። የመጽሐፉ ድክመት ነው፤ እኛም አይተነዋል። ነገር ግን ያ መጽሐፍ ሌላም ነገር ነበረው፤ ደሳለችም ታውቀዋለች፣ በደግ ጊዜዋ ቢሆን ከሁላችን ቀድማ የምታወጣው እሷ ነበረች። አንድ ቦታ ላይ ሰምሀል የዘርዓብሩክን ኮት ቁልፍ ትሰፋለታለች። ገዳዩ እሱ ነው ብላ ጠርጥራዋለች። ኮቱን ሳያወልቅ ደረቱ ላይ እየሰፋችለት እጆቹን ታያለች። እነዚህ እጆች ሰው ገፍትረዋል ወይስ አልገፈተሩም ትላለች በልቧ፤ ክሩን በጥርሷ ስትበጥስ ደግሞ የልቡን ምት ትሰማለች፣ ደስም ይላታል። እየፈራችው ትወደዋለች። ኢየሩ ይህን ስታነብ በረንዳው ላይ የእንዝርት ድምፅ እንኳ አልነበረም። በሩ ጋ የተቀመጠችው ደሳለችም ባዘቶውን በእጇ ይዛ ቀርታለች። ባየኋት ጊዜ ቶሎ ብላ እንዝርቷን አሾረች።

ፀሐይ ስትዞር እንደ ልማዳችን ለአንባቢዋ ልቃቂት ጠቀለልን። ደሳለችም ከእንዝርቷ ተረተረች። ዘመኗን ሙሉ ስትቀበል የኖረችውን ለሌላ ሰው ስትሰጥ ያየኋት ያን ጊዜ ነው። አንገቷን አቀርቅራ ክሩን በጥንቃቄ አዞረችው፣ እጇ እንዳይፈጥን፣ እንዳይዘገይም። ኢየሩ መፍተል አትችልም፤ ልቃቂቶቹን አጠራቅማ ለእናቷ ነጠላ ልታሠራ ነበር ሐሳቧ።

ሸማኔው ገለታ ይባላል። ቁልቁለቱ ላይ ነው መሸመኛው፤ ክራችንን የሚገዛን እሱ ነው። አንድ ቀን የኢየሩን ልቃቂት ይዞ መጣና ለእኔ አሳየኝ።

«እማማ፣ ይሄ ከሯል። እንደ ገመድ። ሳስገባው ይሸበለላል፣ ስስበው ይበጠሳል። ይህችን ልጅ ማን ነው የጠላት?»

ቀልዱን ነበር። በረንዳው ላይ ግን ማንም አልሳቀም። ገለታ ነገሩን ሳያውቅ ልቃቂቱን ትቶ ወረደ። ውባለም ልቃቂቱን አነሳች፣ በጣቶቿ ዳሰሰችው፣ ከዚያ ወደ በሩ ዞረች።

«ደስዬ፣ ይሄ ያንቺ እጅ ነው?»

«ምኑ?»

«ሆን ብለሽ ነው ወይ ነው የምልሽ። ለእናቷ ነጠላ ነው እኮ።»

እኔ «ውባለም፣ ልቃቂቱ የሁላችንም ነው» አልኩ። ቃሌ ግን ዘገየ። ደሳለች እንዝርቷን ሙዳዩ ውስጥ አስቀምጣ፣ ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች።

ሁለት ቀን አልመጣችም። በሁለተኛው ቀን ሽሮ ይዤላት ወረድኩ። በሩን ገርበብ አድርጋ ከፈተችልኝ፤ ዓይኗ ቀልቷል፣ ጸጉሯ አልተነካም። ራሴን አሞኛል አለችኝ። አልጋዋ ላይ፣ ከጋቢዋ ስር ብቅ ባለ የመጽሐፍ ሽፋን ላይ፣ ያቺ ፊቷ የማይታይ ሴት ስልክ ይዛ ቆማለች። ጳውሎስ ደጃፍ ለአስታማሚዎች መጽሐፍ የሚያከራይ ሰው አለ፤ ከእሱ ተከራይታ ነው። ሽሮውን አስቀመጥኩ።

«ደስዬ፣ መጨረሻውን ካወቅሽ ለራስሽ ያዢው» አልኳት።

«የምኑን መጨረሻ?»

«የምታውቂውን።»

«እማማ፣ እርስዎ ደግሞ» አለችና ጉንጬን ሳመችኝ። መጥፎ ነገር ልታደርግ ስታስብ ሰው መሳም ትወዳለች።

በማግስቱ መጣች። ታጥባለች፣ ጸጉሯን ጎንጉናለች። በሩ ጋ ተቀመጠች። ኢየሩ ካቆመችበት ቀጠለች፤ ሰርጉ ቀርቧል፣ ስልኩ ጮኸ፣ ሰምሀል አነሳችው፣ ውሃው ጠብ አለ። የሁላችንም እንዝርት ይከንፋል። በዚህ ጊዜ ደሳለች ዓይኗን ከክሯ ሳታነሳ ተናገረች።

«ደዋይዋ ሊሚ ናት።»

ኢየሩ ጣቷን መስመሩ ላይ እንዳደረገች ቀረች።

«የቷ ሊሚ?» አለች ሾዴ።

«ጓደኛዋ። የሰርግ ልብሷን የምትለካላት። የፊተኛዋንም እጮኛ የገፈተረቻት እሷ ናት። ሰውየውን ለራሷ ትወደው ነበር፣ ቀንታ ነው። መጨረሻው ምዕራፍ ላይ ተጽፏል።»

ሾዴ እንዝርቷን መሬት ላይ አስቀመጠች። «በጄ። እኔ ሰውየውን ስጠረጥር ስጠረጥር የገዛ ባሌን ጭምር ጠርጥሬ ጨርሻለሁ። ዛሬ ጠዋት የት ትሄዳለህ ብዬ መታወቂያ ልጠይቀው ምንም አልቀረኝም። ምነው ደስዬ?»

ኢየሩ ፊቷ ቀልቶ መጽሐፉን ጭኗ ላይ ዘጋችው። «እትዬ ደሳለች፣ ላንብብ ብለው ደግመው ቢጠይቁኝ እኮ እሰጥዎት ነበር» አለች በቀስታ። ልጅቷ ክፋት የላትም።

ውባለም አልጮኸችም። ቀና ብላ ደሳለችን አየቻትና «አሁን ተሻለሽ?» አለቻት። ደሳለች እንዝርቷን አስቀምጣ ተነሳች፣ ቁልቁለቱን ወረደች። ደረጃው ላይ ስትረግጥ እግሯ እንደ ታመመ ሰው ነበር።

መጽሐፉን እንተወው አልን። በሦስተኛው ቀን ግን እጃችን ሥራ ሲይዝ ጆሯችን እንደገና ጠየቀን፤ ቀጥይ አልናት ኢየሩን። መጨረሻውን እያወቁ መስማት እንግዳ ነገር ነው። ስልኩ ሲጮህ ማንም አይደነግጥም። በሩ ሲንኳኳ ሾዴ «እለፊው፣ እናውቃታለን» ትላለች፣ ኢየሩ ታልፈዋለች። ያለፍነው ገጽ ብዙ ነበር። ፍርሃት ብቻ ተሞልቶ የቆመ ገጽ፣ ፍርሃቱ ሲወጣለት እንደ ባዶ ጆንያ ይተኛል። የኮቱን ቁልፍ የምትሰፋበትን ቦታ ግን ሁለት ጊዜ አስነበብናት። እሱ ገዳይ አለመሆኑን እያወቅን እንኳ እጆቿ አሳዘኑን፤ እንዲያውም ይበልጥ አሳዘኑን፣ የምትፈራው በከንቱ ነውና።

ውባለም ግን ሰላም አልነበራትም። ሊሚ በመጣች ቁጥር ወደ ኢየሩ ትጠጋለች፣ ጆሮዋን ታቀርባለች። ሊሚ ዳቦ ይዛ ትመጣለች። ሊሚ ልብሱን ትለካለች። ሊሚ ትስቃለች።

«ድገሚልኝ እስቲ ይሄን» ትላለች ውባለም። ኢየሩ ትደግማለች። «ሌላ ነገር አላለችም? ፊቷስ?»

«ፊቷ አልተጻፈም።»

«አንድ ቦታ እንኳ?»

«የለም እትዬ።»

መጽሐፉ በሚያልቅበት ዕለት ገለታ መጣ። በከረጢት ብዙ ልቃቂት ይዟል። አንዱን አውጥቶ ለውባለም ሰጣት። «ይሄ የአሁኑ ነው። ቅቤ ነው፣ እጃችሁ ይባረክ። ይሄኛው የዚያን ሰሞኑ ነው» ብሎ ሌሎቹን በረንዳው ላይ ዘረገፈ። «የልጅቷ ብቻ አይደለም ለካ። የሾዴም፣ ያንቺም፣ የእማማም፣ ሁሉም ከሯል። ምን ይዟችሁ ነበር?»

ሾዴ አንዱን አንስታ ጎተተችው፤ ተበጠሰ። እርስ በርስ ተያየን። ስልኩ ሲጮህ፣ ውሃው ጠብ ሲል፣ ሁላችንም ሳናውቀው እንዝርቱን አክንፈነዋል።

«ስልክ ነው የያዘን» አለች ሾዴ። ገለታ ግራ ገብቶት ወደ እኔ አየ።

ውባለም ከልቃቂቶቹ መካከል የራሷን ለይታ አወጣች። ለረጅም ጊዜ በጣቶቿ መካከል አሸችው። ከዚያ «እማማ፣ ይነሱ እንውረድ» አለችኝ።

ደሳለች ቤት ስንደርስ በሩ ክፍት ነበር። አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። እኔን ስታይ ተነስታ ወንበሯን ሰጠችኝ። ውባለምን «ግቢ» አላለቻትም፤ ውጪም አላለቻትም። ውባለም መቃኑን ይዛ ቆመች።

«ክሩን ያከረርሽው አንቺ አይደለሽም» አለች። «ሁላችንም ነን። የእኔ ይብሳል። በሰው ፊት ተናገርኩሽ፣ ይቅር በይኝ።»

ደሳለች ምስሩን አየች። «እኔም መጽሐፋችሁን ገደልኩባችሁ።»

«ገደልሽብን።»

«ጨረሳችሁት?»

«ምዕራፍ ቀርቶናል። ግን ሊሚን አላመንኳትም።»

ደሳለች ቀና አለች። ትሪውን አስቀመጠች። «እኔም አላመንኳት። ሁለት ቀን ሳነብ እሷን ስፈልግ ነው የከረምኩት። ዓመታት ቀንታ ኖራለች ይላል መጨረሻው ላይ። የት? ሰውየው የሌላዋን እጅ ይዞ ሲሄድ እሷ ዳቦ ትቆርሳለች። ቢላዋው አንድ ቀን እንኳ ጣቷን አልቆረጣትም። ነገር አትወረውር፣ አታኮርፍ፣ እህል አይዘጋት። ጸሐፊው እኛን ሊያስደነግጥ ብሎ ቅናቷን ደበቀው። ቅናት ደግሞ አይደበቅም፣ ውቤ። መደበቅ ቢቻልማ እኔ አልደብቀውም ነበር?»

ውባለም መቃኑን ተደገፈች።

«እኔ ስቀና አገር ያውቃል» አለች ደሳለች። ድምፅዋ ገና ያልዳነ ይመስል ሰለለ። «እማማ አውቀዋል። ሾዴ አውቃለች። ያቺ የጎመን ነጋዴ እንኳ ታውቃለች።»

«እኔ አላወቅኩም» አለች ውባለም። «በንባቡ የተከፋሽ መስሎኝ ነበር።»

«ንባቡንማ ልጅቷ ትበልጠኛለች። በንባቡም ከፍቶኛል፣ አልዋሽሽም፤ እሱ ግን ያልፍ ነበር። በርጩማሽን አንስተሽ ሄድሽ። ሳታዪኝ።»

ውባለም ከመቃኑ ለቀቀች፤ ገብታ አልጋው ላይ ተቀመጠች፣ ደሳለች ከተነሳችበት ቦታ ጎን። ነጠላዋን ከራሷ ላይ ገለጠች።

«በግራ ጆሮዬ አልሰማም» አለች።

እኔ ሰው አያለሁ የምል ሴት ነኝ። ይህን አላየሁም ነበር።

«ከመቼ?» አለች ደሳለች።

«ከፋብሪካው። ማሽኑ በግራዬ ነበር። መጀመሪያ ፉጨት መሰለኝ፣ ከዚያ ፉጨቱም ጠፋ። አንባቢዋ አጠገብ ካልተቀመጥኩ ግማሹ ያመልጠኛል። ውሃው ጠብ ሲል እናንተ ሰምታችሁ ነው የምትደነግጡት፤ እኔ እናንተን አይቼ ነበር የምደነግጠው።»

ደሳለች ቆማ ቀረች። አንድ ነገር እያሰላች እንደሆነ አውቄያለሁ፤ ፊቷ ላይ ሲመጣ አየሁት።

«ታዲያ ያን ሁሉ ዘመን አጠገቤ የተቀመጥሽው ለጆሮሽ ብለሽ ነው?»

ውባለም በአፍንጫዋ ሳቀች። «መጀመሪያ ለጆሮዬ ነበር።»

ደሳለች ይህን ሰምታ መሳቅም ማልቀስም አልመረጠችም። ነጠላዋን ሁለቴ አጣፋች። «ለኢየሩ ነግረሻታል?»

«ለማንም አልነገርኩም።»

«ለእማማስ?»

«አሁን ሰሙ እንጂ፣ ከአንቺ ጋር።»

«እሺ» አለች ደሳለች። እኔ ከእሷ ጋር እኩል መስማቴ ትንሽ ቆረቆራት መሰለኝ፤ ወደ እኔ አየችና ተወችው። ከዚያ ምስሩን በእግሯ ገፋ አድርጋ፣ አልጋውን ዞራ፣ በውባለም ቀኝ በኩል ተቀመጠች። ተጠጋች።

«የዚያችን የሊሚን ነገር ከመጀመሪያው ልንገርሽ» አለቻት።